ሳይቀልጥ የተጣበቀው ቧንቧ

ከባለቤቴ ከኤልያስ ጋር መጨረሻ ላይ አብረን የሠራነው ሥራ ፍራሽ ማውጣት ነው። እሑድ ጠዋት ነበር። ጂንካ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብባት ሰንብቶ ቤታችን እርጥበት እርጥበት ይሸት ስለነበር፣ ፀሐይ ብቅ ስትል እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነን ፍራሹን ወደ ግቢ ልናወጣ ያዝን። በሩ ላይ ተቀረቀረ።

«ሳቢው እንጂ!»

«እየሳብኩ ነው። አንተ ነህ የማትገፋው።»

«እየገፋሁ ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የያዘው?»

«አናጢው ነው» አለ ከፍራሹ ጀርባ። «በሩን ሲሠራ የራሱን ወገብ ነው የለካው።»

አናጢያችን ቀጭን ሰው ነበርና ሳቅ ጉልበቴን ወሰደው። እንደምንም አወጣነው። አቮካዶው ሥር አስደግፈን በየተራ በመጥረጊያ እንጨት ደበደብነው። አቧራው ቅንድቡ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌ አስመስሎት ነበር። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ክላክስ አደረገ። «ሲመሽ አብረን እናስገባዋለን፤ ብቻሽን እንዳትታገዪ» ብሎ ሄደ።

ፍራሹን ያስገቡት ለቅሶ የመጡ ሰዎች ናቸው።

ስሜ ምሕረት ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሆሳዕና ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ጂንካ ስመደብ ጥቂት ጊዜ ሠርቼ ወደ አገሬ እዛወራለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ኤልያስ አስቀረኝ። እሱ የዚሁ አገር ልጅ፣ አሪ ነው። የውሃ ምህንድስና ተምሮ ሌሎች ተቋራጮች የሚዘረጉትን የውሃ መስመር የሚቆጣጠር ባለሙያ ነበር። ልጅ አልነበረንም። ሁለታችንም የምንወደው አንድ ወሬ ነበር፤ ፕላስቲክ። ሰው ይስቅብን ነበር። ሌላው ባልና ሚስት ስለ ዘመድና ስለ ቤት ኪራይ ሲያወራ እኛ ስለ ጀሪካን እንከራከራለን።

እዚህ ላይ ትንሽ እንዳስተምራችሁ ፍቀዱልኝ። ይህን ካላስረዳሁ ባሌ በምን እንደሞተ አይገባችሁም። እኔ ደግሞ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ።

ሻማና ጥቁሩ የውሃ ቧንቧ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ሰንሰለቶች ናቸው። የሚለያቸው ርዝመት ነው። የሻማው ሰንሰለት አጭር ነው። የቧንቧው ከሱ በብዙ መቶ እጥፍ ይረዝማል። ሲቀዘቅዙ ሰንሰለቶቹ እየታጠፉ በሥርዓት ይደረደራሉ፤ የታጠበ ልብስ ታጥፎ ሣጥን ውስጥ እንደሚደረደር። ያንን ድርድር ነው ክሪስታል የምንለው። ሲሞቁ እጥፋቱ ይፈታል፤ ይህ ነው መቅለጥ። የሻማው ሰንሰለት አጭር ስለሆነ ቶሎ ይፈታና እንደ ውሃ ይፈሳል። ሰንሰለቱ ሲረዝም ደግሞ የሚቀልጥበት ሙቀት ከፍ ይላል። ግን ከፍ የሚለው እስከ አንድ ደረጃ ነው። ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ቢረዝም የመቅለጫው ሙቀት እምብዛም አይለወጥም። የማይቆመው ሌላ ነገር ነው፤ መንቀርፈፉ። ረጅሙ ሰንሰለት ይቀልጣል እንጂ አይፈስም። እየተጎተተ፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ፣ በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ሁለት ቧንቧ ሲበየድ የሁለቱን ጫፍ በመላጊያ ያስተካክሉታል። ከዚያ የጋለ የብረት ሳህን በመካከላቸው ያስገባሉ። ሲቀልጡ ሳህኑን አውጥተው ያጋጥሟቸዋል። ማጋጠሙ ብቻ ግን አይበቃም። የዚህኛው ሰንሰለት ወደዚያኛው፣ የዚያኛው ወደዚህኛው ዘልቆ መጠላለፍ አለበት። የሁለት ሰው ፀጉር አንድ ላይ መጎንጎን በሉት። ረጅም ፀጉር ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ካልሰጣችሁት ሁለት ሰዎች ራሳቸውን አስጠግተው ቆመዋል እንጂ አልተጎነጎኑም።

አንድ ቀን ኤልያስ ከነጭ ጀሪካን የቆረጠውን ቁራጭ በጋለ ቆርቆሮ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ነጩ ፕላስቲክ ሲቀልጥ እንደ መስታወት ጠራ። ሲቀዘቅዝ መልሶ ነጣ።

«አየሽ? ነጭ ያደረገው ክሪስታሉ ነው። ሲፈታ ብርሃን ያሳልፋል» አለኝ። «የእኛ ቧንቧ ጥቁር ባይሆን ኖሮ ስንት ሌባ በብርሃን ይያዝ ነበር!»

ቧንቧው ጥቁር ነው። ውስጡ ይቅለጥ አይቅለጥ በዓይን አይታይም። ለዚህ ነው በያጆች በከንፈሩ የሚሄዱት። ቧንቧው ሳህኑ ላይ ሲቀልጥ ዙሪያውን ጠርዙ ወጣ ይላል፤ ያንን ከንፈር ይሉታል። ከንፈር ሲያወጣ ሳህኑን ያነሳሉ። ለብዙ ጊዜ ሠርቶላቸዋል።

ኤልያስ የሞተባት መንደር ቆላ ናት። ከጂንካ በጠዋት የተነሳ በቀይ አፈር ከተማ በኩል ወርዶ ቀትር ሳይሞላ ይደርስባታል። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቿ ምንም አላጠፉም። ሴቶቿ ከደረቀ ወንዝ አሸዋ እየጫሩ ነበር ውሃ የሚቀዱት። መስመሩ ሲዘረጋ ቧንቧው በሁለት ጭነት መጣ። የመጀመሪያው ጭነት ሳህን ላይ ቶሎ ከንፈር ያወጣል፤ ሠራተኞቹ «ለስላሳው» አሉት። ሁለተኛው ከሌላ ፋብሪካ የመጣ፣ ሰንሰለቱ የረዘመ ነው፤ «ደረቁ» አሉት። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም አንድ ውፍረት ናቸው። መኪናው ሁለቱን አደባልቆ ዘረገፋቸው፤ እነሱም እንደተዘረገፈ በየዱ። ለስላሳው ከንፈር ሲያወጣ ደረቁ ገና ቆዳው መሞቁ ነው። ሳህኑን ሲያነሱ የነበረው ለስላሳውን እያዩ ነው።

ኤልያስ ይህን ከቀናት በፊት አይቶ ነበር። እራት ላይ ነግሮኛል።

«ለስላሳና ደረቅ የተገናኘበትን ሁሉ ወይ በብረት ማያያዣ እሰሩት፣ ወይ ናሙና በይዳችሁ፣ ቆርጣችሁ አሳዩኝ ብያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ሳህኑ ትክክል ነው፣ ከንፈሩም ያምራል አሉ።» እንጀራውን እየጠቀለለ ሳቀ። «ከንፈር አይተው የሚያገቡ ሰዎች ናቸው።»

ያን እሑድ ኤልያስን የጠሩት መስመሩን ልንፈትን ነው ብለው ነው። ሐሙስ ምረቃ ነበር፤ እንግዶች ይመጣሉ። ፓምፑ ገና ስላልደረሰ ቧንቧውን የሚሞላ ውሃ የለም። ስለዚህ የሳይቱ ኃላፊ በአየር እንፈትነው አለ። አንባቢዬ፣ ውሃ አይጨመቅም። በውሃ የተሞላ ቧንቧ ቢፈነዳ ውሃው ይፈሳል፣ ግፊቱም ወዲያው ይሞታል። አየር ግን ይጨመቃል። በአየር የተሞላ ቧንቧ የተወጠረ ቀስት ነው። ኤልያስ ደርሶ ይህን ሊከለክል ከመስመሩ አንድ ጫፍ አየር ወደሚጨምቀው ማሽን፣ ወደ ኮምፕሬሰሩ፣ በእግሩ ሲሄድ፣ እነሱ አየሩን ለቀዋል። አልጠበቁትም። አንዱ ብየዳ ተላቀቀ፤ የቧንቧው ጫፍ ከጉድጓዱ ተነስቶ ደረቱን መታው። ሐኪም ቤት አልደረሰም።

ሰኞ ቀበርነው።

በሣልስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ጋሽ በቀለ ጎንበስ ብሎ ገባ። ኤልያስን ወደዚያ ያደረሰውና ሬሳውን የመለሰው ሾፌር ነው። ዓይኑን ከእኔ ዓይን ማጋጠም አልቻለም።

«ምሕረትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ… አንድ ነገር ብነግርሽ ትቀየሚኛለሽ?»

«ንገረኝ ጋሼ።»

«ዛሬ ቀትር ላይ እንደገና ሊፈትኑት ነው። የፈነዳውን ብቻ ቆርጠው በይደውታል። ሌላውን አልነኩትም።»

«በውሃ?»

ራሱን ነቀነቀ። «በዚያው በአየር።»

«ሰዎቹስ?»

«የሰፈሩ ሰው ጉድጓዱ ዳር ዳር ነው የሚውለው። ሴቶቹም ከብቶቹም። ውሃ መጣ ተብለዋላ። ደግሞ… ኤልያስ የሞተው በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት ነው ብለው ለውሃ ቢሮው አመልክተዋል። ቧንቧውን ተደግፎ ቆሞ ነበር አሉ።»

ይህን ስሰማ ውስጤ የነበረው ልቅሶ ቀጥ አለ። ልቅሶ ውሃ ነው፤ ይፈሳል፣ ይቀልላል። የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። ተነሳሁ።

የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሽ ጴጥሮስ ድንኳኑ በር ላይ ያዘኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሳይቱ።»

«ምሕረት፣ ሣልስት ነው። ከአሪም ከጎፋም ሰው እየመጣ ነው። ሐዘንተኛ ድንኳን ጥላ ስትወጣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ጥንቃቄ የሌለው ባል ነበራት ከሚል፣ ድንኳን ጥላ ሄደች ቢል ይሻለኛል።»

«ሄደሽስ ምን ታደርጊያለሽ?»

አላውቅም ነበር። «እቀመጣለሁ» አልኩት። የሐዘንተኛ ሥራ መቀመጥ ስለሆነ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አለበሰኝና ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። «እኔ እቀመጥላታለሁ» አላቸው።

መንገዱ ላይ ከጋሽ በቀለ ጋር ብዙ አላወራንም። ከዳገቱ ስንወርድ አየሩ እየሞቀ፣ ቁጥቋጦው እየሳሳ ሄደ። ፍየሎች መንገድ ሲዘጉ ጋሽ በቀለ ክላክስ ያደርጋል፤ ፍየሎቹ ግድ የላቸውም። «እናንተም ምረቃ ትሄዳላችሁ?» ይላቸዋል። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅኩም፤ ግን አልተቀየምኩትም።

ደረስን። መጀመሪያ የሰማሁት ኮምፕሬሰሩን ነው። እየጮኸ ነበር። ጉድጓዱ ክፍት ነው፤ ቧንቧው ውስጡ ተጋድሟል። ለፈተናው ሲባል አፈር አልተመለሰበትም። የመንደሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ጎናቸው አስቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ አንጠልጥለው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በአማርኛ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ጨርቅ ተሰቅሏል። ማን እንዲያነበው እንደተሰቀለ የሰቀለው ይወቅ።

በጉድጓዱ ዳር ሄድኩ። ሁለቱን ቧንቧዎች ለመለየት ምሁር መሆን አያስፈልግም። የለስላሳው ከንፈር ወፍራም፣ የደረቁ እንደ ክር የቀጠነ ነው። አንድ ወፍራም አንድ ቀጭን ሆኖ የተጋጠመበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ስደርስ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩና ቧንቧው ላይ ተቀመጥኩ። በቀሚሴ በኩል ቧንቧው ሲነዝር ይሰማኛል። አየሩ እየገባ ነው።

ከላይ ሰው ጮኸ። «ሴትዮ! ውጪ! ውጪ ከዚያ!»

አልወጣሁም። አልፈራሁም ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። ነገር ግን ኤልያስን የመታው ይህ ከሆነ እኔንም እያየሁት ይምታኝ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። አንድ ሰው ወደ ኮምፕሬሰሩ ሲሮጥ አየሁ። በያጁ ታምራት ነው። የአየር መግቢያውን ቫልቭ ዘጋው፤ ቀጥሎ ማስወጫውን ከፈተው። አየሩ እያፏጨ ወጣ። ቧንቧው መንዘሩን አቆመ።

የሳይቱ ኃላፊ መጣ። ኢንጂነር ይሉታል። ስሙን አልጽፍም፤ ጽፌ ዝነኛ አላደርገውም። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ተናገረኝ።

«ቲቸር፣ አንቺ ነሽ እንዴ! እህቴ፣ ሐዘን ላይ ነሽ። ይገባኛል። ግን እዚህ መሆን ለራስሽም አደጋ ነው።»

«እህትህ አይደለሁም። አደጋ የለውም ብለህ ነው እኮ ሴቶቹን አፋፍ ላይ ያስቀመጥካቸው።»

«ብየዳው ተስተካክሏል።»

«የተስተካከለው የፈነዳው ነው። ይሄስ?»

«ይሄ ምን ሆነ? ተመልከቺ፣ ከንፈር አውጥቷል።»

«አንዱ ወገን አውጥቷል።»

ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ እስክሞት አልረሳውም። ለሐዘንተኛ የሚሰጥ ፈገግታ አይደለም፤ ለሕፃን የሚሰጥ ነው። «ቲቸር፣ ኬሚስትሪ ነው የምታስተምሪው አይደል? ሁለቱም ፖሊኤቲሊን ናቸው፤ አንድ ፕላስቲክ። የሚቀልጡት በአንድ ዓይነት ሙቀት ነው። ሳህኑ ሙቀቱን ጠብቋል፤ ለክተነዋል። ለስላሳው ቀልጦ ደረቁ የማይቀልጥበት ምክንያት የለም።»

«ሙቀቱ አንድ ነው፤ እውነትህን ነው። ጊዜው ግን አንድ አይደለም። ረጅሙ ሰንሰለት በዚያው ሙቀት ይቀልጣል፣ ግን ቀልጦም አይንቀሳቀስም። ጊዜ አልሰጣችሁትም። ቆዳው ሞቀ፣ ሳህኑን አነሳችሁ፣ የቆላው ንፋስ መልሶ አቀዘቀዘው። ባሌ ቆርጣችሁ አሳዩኝ ብሎህ ነበር።»

«ነፍሱን ይማረውና ኤልያስ ጠንቃቃ ሰው ነበር፣ ግን…»

«ጠንቃቃ ነበር? ለቢሮው ጥንቃቄ ጎደለው ብለህ አይደል ያመለከትከው?»

ኢንጂነሩ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «አውጧት።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጥቁር ለብሻለሁ፣ ጋቢ ደርቤአለሁ፣ መሬት ተቀምጫለሁ። እነዚህ ሰዎች ከወላይታ፣ ከጎንደር፣ ከጂንካ የመጡ ናቸው። ሃይማኖታቸውም ቋንቋቸውም ይለያያል። የተቀመጠች ሐዘንተኛን በክንዷ ይዞ የሚያስነሳ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። እናቶቻቸው እንዲያ አድርገው አላሳደጓቸውም።

«የባሌ ሣልስት ዛሬ ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ድንኳኑን እዚህ ተክያለሁ። የምትቀመጡ ተቀመጡ።»

ጋሽ በቀለ ቀድሞ ወረደ። ኮፍያውን አውልቆ ከጎኔ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ሠራተኛ አካፋውን አስደገፈና እሱም ወረደ። ሌላው ተከተለው። ሲገቡ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉኛል፤ እኔም እመልሳለሁ።

አፋፉ ላይ ከነበሩት ሴቶች አንዲት አሮጊት ስታየን ቆይታ በቂጧ እየተንሸራተተች ወረደች። ትንሽ አማርኛ ታውቃለች።

«አንቺ ባል ሞተ?»

«አዎ እናቴ።»

«ይሄ ገደለ?» ቧንቧውን በመዳፏ መታችው።

«ይሄ አይደለም። ቸኩለው ነው የገደሉት። ይሄም ተላቅቆ ሌላ ሰው ይመታል።» በሁለት ቡጢዬ ሁለቱን ጫፎች ሠራሁላት። አጋጠምኳቸው፤ ከዚያ ላቀቅኳቸው።

ዞራ በቋንቋዋ ወደ ላይ ጮኸች። ምን እንዳለች አላወቅኩም። ሴቶቹ ግን እግራቸውን ከጉድጓዱ አወጡ። ልጆቻቸውን ጎትተው ራቁ። ቀጥሎ ጥቂት አሮጊቶች በየብየዳው ላይ እየሄዱ ተቀመጡ። መስመሩ በሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ። አሮጊቷ ወደ እኔ ተመልሳ፣ «ውሃ ብዙ ጊዜ ጠበቅን። ነገም እንጠብቃለን። አንተ ቁረጥ» አለችው፤ በጣቷ ታምራትን እያመለከተች።

ታምራት ኢንጂነሩን አየ። ኢንጂነሩ ስልኩን አውጥቶ ምልክት ፍለጋ ወደ ጉብታው ይወጣ ነበር።

«ከቆረጥክ ሥራህን ታጣለህ!» አለው ከዚያው።

ታምራት መጋዙን አነሳ። መጀመሪያ ለእኔ ተናገረ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ቲቸር፣ ደረቁ ከንፈር አያወጣም ብዬ ነግሬዋለሁ። ብንጠብቀው ለስላሳው ይፈስብናል። ለስላሳው ሲያወጣ አንሱ አለን።»

«አውቃለሁ። ቁረጠው።»

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁለት። ብየዳውን በግራና በቀኝ ቆርጦ አወጣው። ከሱ ላይ በርዝመቱ እንደ ቀበቶ ቀጠን ያለ ቁራጭ ሰነጠቀና ሰጠኝ። ሁለቱን ጫፍ ይዤ አጠፍኩት። ጉልበት አላስፈለገውም። መካከሉ ላይ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። የደረቁን ወገን ፊት ወደ ፀሐይ አዞርኩት። የመላጊያው መስመር ይታይ ነበር። ከመበየዱ በፊት ጫፉን የላጉበት ቀጫጭን ክብ መስመር እንዳለ ነው። ቀልጦ ለመንቀሳቀስ ጊዜ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ይጠፋ ነበር።

«አሁን ለስላሳና ለስላሳ የተገናኘበትን ቁረጥልኝ።»

ቆረጠ። አጠፍኩት፤ እምቢ አለ። ጋሽ በቀለ ተቀበለኝና በጉልበቱ ላይ አድርጎ ታገለ። ተለጠጠ፣ ነጣ፣ እንደ ማስቲካ ክር ክር አወጣ እንጂ አልተላቀቀም።

«አሁን የእኔ ባል ነው ጥንቃቄ የጎደለው?» አልኩ። ማንንም አላየሁም። ኢንጂነሩ ጉብታው ላይ ጀርባውን ሰጥቶን በስልክ ያወራ ነበር።

ሁለቱን ቁራጮች ከእጅ ወደ እጅ አዟዟሯቸው። ሴቶቹም አጠፏቸው። አንዷ የተላቀቀውን ፊት በጥፍሯ ጫር ጫር አድርጋ ለጎረቤቷ ሰጠች፤ ምንም አላለችም። ፀሐይ ዘንበል እስክትል ድረስ ተቀመጥን። ኮምፕሬሰሩ አልተነሳም።

ምረቃው ሐሙስ ዋለ። ሪባን ተቆረጠ። ቧንቧው ግን ባዶ ነበር። እንግዶቹ አጨብጭበው ሄዱ። ብየዳዎቹ ከዚያ በኋላ ነው የተቆረጡት፤ ለስላሳና ደረቅ የተገናኘበት ሁሉ በብረት ማያያዣ ታሰረ። ፓምፑ ሲደርስ በውሃ ተፈተነ። አሁን መንደሯ ውሃ ትጠጣለች። ታምራት ከሥራ ተባረረ። ኢንጂነሩ ሌላ ሳይት ላይ ነው። ቢሮው ያለው አልተለወጠም፤ ኤልያስ አሁንም በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት የሞተ ሰው ነው። ስጠይቃቸው «ጉዳዩ ተዘግቷል» ይሉኛል። የከፈተው ሰው ሳይኖር እንዴት እንደተዘጋ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ልቤ በርዶ አይደለም የጻፍኩት። በቀን ጥቂት መስመር ነው የምጽፈው፤ እጄ ሲናደድ አቆማለሁ። ብዙዎቻችሁ ጊዜ ይፈውሳል ትሉኛላችሁ። ትምህርቴ ግን ሌላ ነገር አስተምሮኛል፤ ጊዜ የሚያጣብቀው መጀመሪያ የቀለጠን ነገር ብቻ ነው። ቢሮ ስገባ የሚያጽናናኝ ሁሉ ከላይ ከንፈር አውጥቶልኛል፤ ውስጡ ግን አልሞቀም። ይቅር በይ ለሚለኝ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ባሌ አላጠፋም በሉ። ከዚያ እንነጋገራለን።

ያ ቀን ከእኔ የወሰደው አንድ ነገር አለ። በፊት ትልቅ ሰው ሲናገር አንገቴን ደፍቼ እሰማ ነበር። ባለሥልጣን፣ ኢንጂነር፣ ሽማግሌ ካለ እኔ ኋላ ነኝ። ያ ልማድ ቆላ ቀረ። አልናፍቀውም። ወንዶች «ሴትዮዋ መጣች» ሲሉ እሰማለሁ። ይበሉ።

በክፍል ውስጥ መቅለጥን ሳስተምር ነጩን ጀሪካን አቅልጬ አሳያለሁ፤ ጥቁሩንም አሳያለሁ። በአካባቢያችን አዲስ የውሃ መስመር ሊፈተን ነው ሲባል ከሰማሁ ደግሞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ ከጋሽ በቀለ ጋር ወይም በተገኘው መኪና እሄዳለሁ። ብየዳ ቆርጠው፣ አጥፈው እስኪያሳዩኝ ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ እቀመጣለሁ።